በሜደሊን ጌይ ሆኖ ማምሸት፦ በደህና ወጥቶ በደህና ለመግባት

ከሜደሊን ትልቁ ካቴድራል ጀርባ ባርባኮአስ የምትባል አጭር መንገድ አለች። ካቴድራሉ ከ1 ሚሊዮን በላይ ጡብ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1931 ያለቀ ነው፤ መንገዷ ደግሞ የከተማዋ ጌዮች ለብዙ ዓመታት ሲያመሹባት የኖሩባት። የሜደሊንን ጠባይ ለመረዳት ይህ ጉርብትና ይበቃል። ሜደሊን የምትገኝበት አንቲዮኪያ በኮሎምቢያ አጥባቂ ካቶሊክ ከሚባሉት ክፍላተ ሀገር አንዱ ነው፤ ቅዳሜ ሌሊት ሲጨፍር ያደረው እሑድ ከእናቱ ጋር ቅዳሴ ይገባል፣ ማንም አይጠይቀውም።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል መሆኑ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ መድልዎን የሚቀጣው ሕግ በ2011 ወጣ፤ ጋብቻ በ2016 ተፈቀደ። እዚህ የሚያሰጋው ፖሊስ ሳይሆን በመጠጥ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ጥንቃቄ የሚደረገው ገና ከሆቴል ሳትወጡ ነው።

መጀመሪያ፦ ጠላትን ማወቅ

መድኃኒቱ ስኮፖላሚን ይባላል፤ የአገሩ ሰው ቡሩንዳንጋ ይለዋል። በአገራችን አጥር ሥር የሚበቅለው አጤ ፋሪስም ይኸው ንጥረ ነገር አለው። የአጤ ፋሪስ ሌላ ስሙ አስተናግር መሆኑን ልብ በሉ፤ ነገሩን በአንድ ቃል ይገልጸዋል። የተመረዘው ሰው ወዲያው ላይወድቅ ይችላል። ይራመዳል፣ ይመልሳል፣ ሲጠየቅ የባንክ ቁጥሩን ይናገራል፣ በራሱ ጣት ስልኩን ይከፍታል። በማግስቱ ግን ምንም አያስታውስም። ሽታም ጣዕምም ስለሌለው በምላስ አይለይም። እርግጥ በእጅ ከተቀበሉት ወረቀት ወደ ሰውነት ይገባል የሚባለው ወሬ የተጋነነ ነው፤ ዋናው መንገድ መጠጥ ነው።

በኅዳርና ታኅሣሥ 2023 ብቻ ስምንት የአሜሪካ ዜጎች ሜደሊን ውስጥ አጠራጣሪ በሆነ ሁኔታ ሞተዋል። የአሜሪካ ኤምባሲ በጥር 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ መሠረት ከሞቶቹ ጥቂት የማይባሉት ከመተዋወቂያ መተግበሪያ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ከሆቴል ሳትወጡ

የይለፍ ቃል አያድናችሁም፤ ራሳችሁ ትሰጣላችሁና። የሚያድነው፣ ብትሰጡም የሚወሰድ ነገር አለመኖሩ ነው። የባንክ መተግበሪያ የሌለበት ርካሽ ሁለተኛ ስልክ ያዙ። ሁለተኛ ስልክ ከሌላችሁ መተግበሪያዎቹን አጥፉና የቀን ማስተላለፊያ ጣሪያውን ዝቅ አድርጉ። ካርድ አንድ ብቻ፣ ትንሽ ገንዘብ ያለበት። ጥሬ ገንዘብ ወደ 200,000 ፔሶ ይበቃል። ፓስፖርቱ ካዝና ውስጥ ይቀመጥና ፎቶ ኮፒው ኪስ ውስጥ ይሁን። ሰዎች የሚረሱት ነገር ቢኖር የኤቲኤም ጣሪያ እኩለ ሌሊት ላይ እንደገና መቆጠር መጀመሩን ነው፤ ሌባ ሁለት ጊዜ የሚያስወጣው ከ6 ሰዓት በፊትና በኋላ ነው። ፓሴዮ ሚዮናርዮ የሚሉት፣ ሰውን በታክሲ አፍኖ ከማሽን ማሽን ማዞር፣ በዚህ ስሌት ይሠራል።

ሆቴሉን ስትመርጡ እንግዳ ሲገባ መታወቂያ የሚመዘግብ ይሁን። የአዋቂ ሰው መታወቂያ ሴዱላ ይባላል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው የሚይዘው ሌላ ካርድ ነው። «ሴዱላዬን ቤት ረሳሁት» ያለ ሰው፣ ቢያምር ቢጣፍጥም፣ እዚያው በር ላይ ይሰናበት። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ስሙ የተመዘገበ ሌባ ብዙም አይደፍርም፤ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ከባድ እስር አለ።

በመተግበሪያ ስትገናኙ

ርቀት የሚያሳየውን ቅንብር አጥፉት። ከዚያ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ጥሪ ጠይቁ፤ ካሜራው «ተበላሽቷል» ካለ ነገሩ እዚያ ያብቃ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ሳይመሽ፣ ፖብላዶ በሚባለው ሰፈር ውስጥ እንደ ሳንታፌ ወይም ኦቪዬዶ ባለ የገበያ ማዕከል፣ ቡና ላይ ይሁን። በመጨረሻው ሰዓት ቦታ ቀይሮ «ጓደኛዬ ቤት ና» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም።

የት ማምሸት

ለእንግዳ የሚቀለው ፖብላዶ ነው፤ ውድ ነው፣ ቱሪስትም ሌባም ይበዛበታል። ላውሬሌስ ረጋ ይላል፣ የአገሩ ሰው ያመሽበታል። በሁለቱም ሰፈሮች እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። መሀል ከተማና ተራራው ላይ ያሉት ሰፈሮች ሌላ ናቸው፤ እዚያ ቁጥብ ሁኑ። ባርባኮአስን ማየት የፈለገ ከአገሩ ሰው ጋር፣ በጊዜ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ አድርጎ ይሂድ። ጭፈራ ቤቶች ቶሎ ስለሚከፈቱና ስለሚዘጉ፣ የቤቱ የኢንስታግራም ገጽ በዚህ ሳምንት የለጠፈው ነገር መኖሩን አይታችሁ ውጡ።

የአገሩ መጠጥ አጓርዲየንቴ ነው፤ እንስላል እንስላል ይሸታል፣ የግሪኮቹን ኡዞ የቀመሰ ያውቀዋል፣ አልኮሉ 29 በመቶ ነው። ችግሩ አጠጣጡ ላይ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና በትንንሽ ኩባያ ለሁሉም ይቀዳል። እንቢ ማለት እንደ ኩራት ይቆጠራል። ስለዚህ ጠርሙሱን እናንተ ግዙት፣ ፊታችሁ ይከፈት፣ ቀጂውም እናንተ ሁኑ፤ ይህ እንደ ጨዋነት ይታያል እንጂ አያስቀይምም። መጸዳጃ ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ የቀረው መጠጥ ይቅር።

መመለስ

ሜትሮው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ እሑድ 4 ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ መኪና በመተግበሪያ ጥሩ፣ ቤቱ ውስጥ ሆናችሁ ጠብቁ፣ ታርጋውን ሳታመሳክሩ አትግቡ። የኡበር ሹፌር ከፊት ተቀመጡ ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ሥራው በሕግ ግራ የገባው ስለሆነ ከፖሊስ ዓይን መሸሹ ነው።

ከተበላሸ

አፍ ሲደርቅ፣ ብርሃን ሲያንጸባርቅባችሁ፣ ልብ ሲመታ፣ ከጠጣችሁት በላይ ስትፈዙ ከማታውቁት ሰው ጋር አትውጡ፤ ለቡና ቤቱ ሠራተኛ ወይም ለዘበኛው ተናገሩ። የአደጋ ስልክ 123 ነው። ሐኪም ቤት በዚያው ቀን ሂዱና ሽንት እንዲመረመር ጠይቁ፤ መድኃኒቱ ቶሎ ከሰውነት ይወጣል። ግንኙነት ተፈጽሞ ከሆነ ወይም ከተጠራጠራችሁ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ቢሆን ይሻላል። ለባንክና ለኢንሹራንስ የክስ ወረቀት ያስፈልጋል። ዘራፊውን በስልክ አታሳድዱት፣ ተከትላችሁም አትሂዱ።

ወደ አዲስ አበባ የምትመለሱ ከሆነ፣ በተለይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል የምታልፉ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት መተግበሪያዎቹን፣ የጽሑፍ ልውውጡንና ፎቶዎቹን ከስልኩ አጥፉ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት አሁንም በእስር ያስቀጣል። ፎቶ የሚጠፋው «በቅርቡ የተሰረዙ» ከሚለው ማህደር ውስጥም ሲወጣ ነው።