ሰሙር፦ ገውዝና ጣፋጭ ሶያ የገባበት የኢንዶኔዢያ ሥጋ ወጥ

ሰሙር ጠቆር፣ ጣፈጥ ያለ የሥጋ ወጥ ነው፤ ቤታዊ የሚባሉት የጃካርታ ነባር ነዋሪዎች ያለ እሱ ኢድን አይውሉም። ስሙ የመጣው «ስሞር» ከሚለው የሆላንድ ቃል ነው፤ ድስት ከድኖ ቀስ ብሎ ማብሰል ማለት ነው። ከስሙ ባሻገር ግን ወጡ የሆላንድ አይመስልም፦ ሶያውን ያመጡት ቻይናውያን ናቸው፣ የዘንባባ ስኳሩ የጃቫ ነው፣ ቅርንፉዱና ገውዙ የማሉኩ ደሴቶች።

መጀመሪያ ሶሱ። ኬቻፕ ማኒስ የሚባለውን ወፍራም ጣፋጭ ሶያ ካጣችሁ፣ 120 ሚሊ ሊትር ተራ ሶያ ሶስ ከ120 ግራም ቡናማ ስኳር ጋር በትንሽ እሳት 8 ደቂቃ ያህል አንተክትኩ። ቀጭን ማር ሲመስል አውርዱት። እሳት ላይ እስኪዝለገለግ ከጠበቃችሁ፣ ሲበርድ ከረሜላ ይሆንባችኋል።

አንድ ኪሎ ጅማትና ጥቂት ስብ ያለው የትከሻ ሥጋ በ4 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፤ ጥሩ ቀይ ሥጋ እዚህ ይደርቃል። በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ጥበሱት። አንዴ ከታጨቀ ውሃ ያወጣና ይቀቀላል። ሥጋውን አውጥታችሁ፣ 2 ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል አድቅቃችሁ በዚያው ዘይት አቁላሉ። እንደ ዶሮ ወጥ ቁሌት ሰዓት አይፈጅም፤ የጥሬ ሽታው እስኪለቅ 7 ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ 4 ቅርንፉድ (ከበዛ ምላስ ያደነዝዛል)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገውዝ ጨምሩ። ገውዙን ያኔውኑ ፈቅፍቁት፤ ተፈጭቶ የከረመ ሽታ የለውም። እኛ መከለሻ ውስጥ የምንጨምረው ገውዝም ዘሩ ከዚያው ነው፤ ድሮ የሚበቅለው ከማሉኩ ደሴቶች መካከል በሆኑት በባንዳ ደሴቶች ብቻ ነበር። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1621 እ.ኤ.አ. በያን ፒተርስዞን ኩን መሪነት ደሴቶቹን ወርሮ አብዛኛውን ሕዝብ ፈጀ፣ አባረረ፣ በባርነት ጋዘ፤ ማሳውንም በባሪያ ጉልበት ያሠራ ጀመር። በ1667 በብሬዳ ውል እንግሊዞች ሩን የምትባለውን የገውዝ ደሴት ለሆላንድ ለቀው ማንሃተንን በእጃቸው አስቀሩ።

ሥጋውን መልሱ፤ አንድ የተከተፈ ቲማቲም፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ሶስና አንድ ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ከድናችሁ በዝግታ አንድ ሰዓት ተኩል አብስሉ። ከዚያ 3 ድንች ለአራት ለአራት ቆርጣችሁ (ቀድሞ ቢጠበስ አይፈርስም) ከሌላ 3 ማንኪያ ሶስ ጋር ጨምሩና ሳትከድኑ 25 ደቂቃ አቆዩት። ሶሱ ለሁለት የሚከፈለው ስኳሩ ገና በጠዋቱ ከሥር ይዞ እንዳይመርር ነው። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ቀምሳችሁ፤ መረቁ ሲመጥ ሶያው ራሱ ይበረታል።

በነጭ ሩዝ ይበላል። ያደረው ይበልጥ ይጥማል፤ ስታሞቁት ግን ግማሽ ኩባያ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ አለዚያ ይይዛል።