የተማሪ ክሊፕና የአልበም ሽፋን በአንድ ሐሳብ እንዴት ይሠራል?

ጓደኛችሁ ዘፈን ሠርቷል። ወይም ትምህርት ቤት የቪዲዮ ፕሮጀክት ተሰጥቷችኋል። እጃችሁ ላይ ያለው አንድ ደህና ስልክ፣ ሁለት ሦስት ፈቃደኛ ልጆችና ትንሽ የትራንስፖርት ገንዘብ ነው። ይበቃል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ክሊፑ ለብቻው ይቀረጻል፣ ሽፋኑ ደግሞ ዘፈኑ ሊለቀቅ አንድ ሌሊት ሲቀረው ከክሊፑ በተወሰደ ስክሪንሾት ይሠራል፣ ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የአንድ ዘፈን አይመስሉም። እኔ የምመክራችሁ ሁለቱን ከአንድ ሐሳብ እንድታስነሱና በአንድ ቀን እንድትቀርጹ ነው።

ዘፈኑ ሳያልቅ ካሜራ አይነሳም

ቅንብሩ አልቆ፣ ሚክሱም (የድምፆቹ ማመጣጠን) ማስተሩም (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ተሠርቶ የመጨረሻው ፋይል እጃችሁ እስኪገባ ቀረጻ አትጀምሩ። በዴሞ (ባላለቀው የሙከራ ቅጂ) ቀርጻችሁ አቀናባሪው በኋላ ፍጥነቱን ትንሽ ከነካካው፣ ወይም አንድ አዝማች ከቀነሰ፣ የዘፋኙ ከንፈር ከድምፁ ጋር አይገጥምም። ይህን በኤዲቲንግ ማስተካከል በጣም አድካሚ ነው።

ፋይሉ ሲመጣ በጆሮ ማዳመጫ ደጋግማችሁ ስሙትና ዘፈኑን በአንድ መስመር ጻፉት። ምሳሌ እንያዝ። ዘፈኑ አንድ ዶርም ውስጥ አብረው ስለኖሩና ተመርቀው ስለሚበታተኑ ጓደኞች ነው እንበል። መስመሩ «የመጨረሻው ልጅ ክፍሉን ቆልፎ ሲወጣ» ሊሆን ይችላል። እዚህ ውስጥ የሚታይ ነገር አለ፦ በር፣ ቁልፍ፣ ባዶ የብረት አልጋ። «ስለ ፍቅርና ናፍቆት ነው» ብትሉ ግን ካሜራችሁ የሚይዘው ነገር የለም።

ከዚያ አንድ ዕቃና አንድ ቀለም ምረጡ። እኔ ብሆን ቢጫውን ጀሪካን እመርጣለሁ። ውሃ በሚጠፋበት ዶርም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ገንዘብ አያስወጣም፣ ከሩቅም ይለያል። ስለዚህ ቀለማችን ቢጫ ሆነ ማለት ነው። ዘፋኙ ግን ቢጫ ሹራብ አይልበስ። ቢጫው ለጀሪካኑ ብቻ ይቅር፣ ልብሱም ግድግዳውም አንሶላውም ወደ ግራጫና ሰማያዊ ያድላ፤ ያኔ የተመልካቹ ዓይን ራሱ ሄዶ ጀሪካኑ ላይ ያርፋል። ይህ ጀሪካን ክሊፑ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ብቅ ይላል፣ ሽፋኑም ላይ እሱ ነው የሚኖረው።

ወረቀት ላይ ቅረጹት

አንድ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አስምሩ፦ ደቂቃው፣ ግጥሙ፣ ምን እንደሚታይ፣ የት እንደሚቀረጽ። ሥዕል ባትችሉም ክብና መስመር አድርጋችሁ እያንዳንዱን ሾት (ሳይቆረጥ የሚታየውን አንድ ቀረጻ) ንደፉ። አራት ደቂቃ ዘፈን 240 ሰከንድ ነው። አንድ ሾት በአማካይ አራት ሰከንድ ቢቆይ 60 ሾት ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። በአንድ ቀን 60 የተለያየ ነገር ልቅረጽ የሚል ተማሪ ማታ ላይ ግማሹን ሳይዝ ይመለሳል።

መላው ይሄ ነው። ዘፋኙ አንድ ቦታ ላይ ሙሉውን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስት ጊዜ ይዝፈን፤ አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከወገብ በላይ፣ አንዴ ፊቱን ብቻ። ሁለተኛ ቦታ ላይ ይህንኑ ድገሙት። በቃ፣ የክሊፑ አጥንት ተያዘ። የታሪኩ ክፍል ከዚህ በላይ የሚጨመር 15 ወይም 20 ሾት ብቻ ይሆናል፤ ሻንጣ ሲዘጋ፣ ፍራሽ ሲጠቀለል፣ ጀሪካኑ ኮሪደር ላይ ብቻውን ሲቀር።

ግጥሙ የሚለውን ቃል በቃል አታሳዩ። «ዝናብ» ሲል ዝናብ፣ «መንገድ» ሲል መንገድ ካሳያችሁ ተመልካቹ ቀድሟችሁ ይሄዳል።

ጭፈራ ካለ ደግሞ ከየት እንደሚቀረጽ አስቀድማችሁ ወስኑ። እስክስታ የትከሻ ነው፣ ከወገብ በላይ ቀርባችሁ ያዙት። የጉራጌ ጭፈራ ግን እግሩ ከተቆረጠ ምኑ ቀረ? እሱን ሙሉ ቁመት ቅረጹት፣ መሬቱም ይታይ።

ፈቃድ

ከትምህርት ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ማኅተም ያለው አንድ ወረቀት ከጥበቃ ጋር የሚደረገውን ረጅም ክርክር ያሳጥራል። ፊቱ የሚታይ ሰው ሁሉ ይጠየቅ፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አካባቢ ከሆነ ካሜራው ከመውጣቱ በፊት ጠይቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ።

ዘፈኑ የሌላ ሰው ከሆነ ወይም የቆየ ዘፈን እንደገና ተሠርቶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የግጥምና የዜማ ባለቤቶች መብታቸው የተጠበቀ ነው። ለክፍል ሥራ ብላችሁ የጀመራችሁት ዩትዩብ ላይ ሲወጣ ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፣ በጓደኛሞች መካከልም ቢሆን።

ብርሃኑን የሚያውቅ ግማሹን ሠርቷል

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋም ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጭ ብትቀርጹ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል፣ ግንባር ያብለጨልጫል፣ ዘፋኙም ዓይኑን ያጨናብሳል። የውጩን ቀረጻ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ አድርጉት። ቀትሩን ለቤት ውስጥ ተዉት፤ መስኮት አጠገብ የሚገባው ብርሃን ለፊት በጣም ያምራል፣ ነጭ አንሶላ በሌላው ጎን ብትይዙለት ጥላው ይለሰልሳል።

ነጭ ልብስ ሌላ ጣጣ አለው። ነጠላ ወይም የሀበሻ ቀሚስ ጠይም ፊት አጠገብ ሲሆን ስልኩ የትኛውን እንደሚከተል ግራ ይገባዋል፤ አንዴ ነጠላው ከመጠን በላይ ይነጣና ጥለቱ ይጠፋል፣ አንዴ ፊት ይጨልማል። ስክሪኑን ፊቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙና ብርሃኑን ቆልፉት፣ ከዚያ የነጠላው ክር እስኪታይ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ፊቱ ከጨለመ ልብሱን ከጥላ ውስጥ አድርጋችሁ ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሩ። ነጭ ግድግዳ ከኋላው አድርጋችሁ ግን አታቁሙት።

አምፖል ባለበት ክፍል ቪዲዮው ላይ የሚወርዱ ጥቁር መስመሮች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምክንያቱ መብራታችን 50 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ሆኖ ሳለ አብዛኛው ስልክ ሲገዛ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ላይ መሆኑ ነው። 25 ፍሬም ላይ አድርጉትና የሻተሩን ፍጥነት (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) የሰከንድ 1/50 ላይ ቆልፉት። የስልኩ ካሜራ ይህን ካልፈቀደ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለውን ነጻ አፕ ስልካችሁ ከተቀበለው አውርዱት።

የቀረጻው ቀን

ባትሪና ፓወር ባንክ ማታውኑ ቻርጅ ይደረግ፣ መብራት ሊሄድ ይችላል። ስልኩ ውስጥ ቦታ አስለቅቁ። ለልጆቹ ምሳ አስቡ፤ በነጻ የመጣ ሰው ከራበው ከሰዓት በኋላ ፊቱ ላይ ይታያል።

ዘፈኑን በስፒከር ከፍ አድርጋችሁ አጫውቱ። ዘፋኙ ከንፈሩን ብቻ አያንቀሳቅስ፣ ከልቡ ይዝፈን፤ አንገትና ደረት የማይሠራ ዘፈን ውሸት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ስልኩ የሚቀዳውን ድምፅ አታጥፉ፣ በኋላ ከማስተሩ ጋር የምታገጥሙት በሱ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፣ ስለዚህ ካሜራው ከስፒከሩ 34 ሜትር ቢርቅ ድምፁ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ይህም ሁለት ፍሬም ተኩል ነው፣ ለዓይን ይታወቃል። ከሩቅ የተቀረጸውን ስታገጥሙ ጆሯችሁን ትታችሁ ከንፈሩን ተከተሉ።

አንድ ቆንጆ ነገር ልጨምር። ስሎው ሞሽን ሆኖ ከንፈሩ ግን የሚገጥም ክሊፕ ከፈለጋችሁ በ50 ፍሬም ቅረጹ፣ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት አጫውቱለት፣ ከዚያ በኤዲቲንግ ወደ 25 አውርዱት። ዘፋኙ ይለማመድበት እንጂ ለአንድ አዝማች በጣም ያምራል።

ሽፋኑ እዚያው ይነሳ

የዲጂታል ሙዚቃ አከፋፋዮች (ዘፈኑን ወደ ኢንተርኔት የሙዚቃ መድረኮች የሚያደርሱት) በብዛት የሚጠይቁት ባለ አራት ማዕዘን፣ 3000 በ 3000 ፒክስል የሆነ፣ በአርጂቢ (ለስክሪን በሚሆነው) ቀለም የተሠራ የጄፔግ ምስል ነው። ፉል ኤችዲ ቪዲዮ ቁመቱ 1080 ፒክስል ብቻ ነው። 4ኬ እንኳ 2160 ነው። ስለዚህ ከክሊፑ የተቆረጠ ምስል አይደርስም፣ ስታሰፉት ይደበዝዛል። በዚያ ላይ በቪዲዮ ፍጥነት የተያዘ እንቅስቃሴ ይንሸራተታል። ለዚህ ነው በቀረጻው ቀን፣ ብርሃኑ በሚያምርበት ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ለፎቶ ብቻ ለዩ የምለው። ልብሱ ያው፣ ቦታው ያው፣ ጀሪካኑ ያው።

ባዶው የብረት አልጋ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጡና ከፊት ለፊት አንሱት። ዘፋኙ ኖሮም፣ ሳይኖርም አንሱ። ከላይ ወይም ከጎን ለጽሑፍ የሚሆን ባዶ ግድግዳ ተዉ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳና ስሙ ፊት ላይ ይጻፋል።

ጽሑፉ ላይ ጊዜ ስጡ። የአማርኛ ርዕስ ብዙ ጊዜ በጥቂት ፊደል ያልቃል፣ «ትዝታ» ሦስት ፊደል ናት፣ ስለዚህ በጣም ማግዘፍ ትችላላችሁ። ግን ሰ እና ሱ፣ በ እና ቡ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ቀጭን ፊደል ሲያንስ ቅጥያው ይጠፋል። ደመቅ ያለ ፊደል ተጠቀሙ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባሉት የኮምፒውተር ፊደሎች በነጻ ይገኛሉ። ከዚህ የሚበልጠው ግን በእጅ የተጻፈ ነው። የድሮ ካሴት ሽፋኖች ቤት ካሉ አውጥታችሁ ፊደላቸውን ተመልከቱ፣ ከዚያ ቆንጆ እጅ ያለው ልጅ ፈልጋችሁ በነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር አስጽፉና ፎቶ አንስታችሁ አስገቡት። ሌላ ማንም ጋር የሌለ ጽሑፍ ይኖራችኋል።

የዘፋኙ ስምና ርዕሱ ብቻ ይበቃል። ስልክ ቁጥር፣ የቲክቶክ አርማ፣ ዋጋ አትጻፉ፣ አከፋፋዮቹ ይመልሱታል። ስትጨርሱ ምስሉን የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሱትና ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ርዕሱን ማንበብ ካቃተው ፊደሉን አግዝፉ።

ማገጣጠምና መልቀቅ

ኮምፒውተራችሁ ከቻለ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነጻ ቅጂ አለው፣ ካልቻለ ካፕከት ይሠራል። መጀመሪያ የዘፋኙን ሙሉ ቅጂዎች ከማስተሩ ጋር አገጣጥሙ፣ ከዚያ የታሪኩን ሾቶች ጣል ጣል አድርጉ። ምቱ ላይ ቁረጡ፣ ግን ሁሉም ምት ላይ አይደለም፤ ዘገምተኛ ዘፈን ላይ አንድ ፊት አሥር ሰከንድ ቢቆይ ምንም አይልም። ቀለሙን ስታስተካክሉ ሽፋኑን አጠገቡ ክፈቱት፣ ቢጫው አንድ ዓይነት እስኪሆን።

ለዩትዩብ የፊት ምስል ከዚያው የፎቶ ክምችት 1280 በ 720 አድርጋችሁ ሌላ ቁረጡ። የታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ምንም አትጻፉ፣ የቪዲዮው ርዝመት ይሸፍነዋል። ከቪዲዮው ሥር የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶችን፣ ካሜራ የያዘውን፣ ፊደሉን የጻፈውን፣ አንሶላ የያዘውንም ልጅ ስም አስገቡ።