ወገብ ሲያዝ ሰውነት ለምን ይዘማል?

ኮምቦልቻ ጆንያ ሲያራግፍ የዋለ ሰው፣ ደሴ ላይ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የወጣች እናት ድንገት ወገባቸውን ሊይዛቸው ይችላል። ከሕመሙ በላይ የሚያስደነግጣቸው ግን ቀጥ ብሎ መቆም ማቃታቸው ነው።

ትከሻ ወደ አንድ ጎን፣ ዳሌ ወደ ሌላው ሄዶ ከታየ «አጥንቴ ከቦታው ወጣ» አትበሉ። አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱ የትም አልሄደም። በአከርካሪ ግራና ቀኝ ያሉት ጡንቻዎች የታመመውን ቦታ ለመጠበቅ ይኮማተራሉ። አንዱ ወገን ሲበረታ ሰውነት ያጋድላል። ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ክፍል) ነርቭ ሲጫንም እንዲሁ ነው፤ ያኔ ሕመሙ ከቂጥ አልፎ እስከ እግር ይወርዳል።

ስለዚህ በጉልበት ለማቃናት አትሞክሩ። እባካችሁ ወገባችሁን ለወጌሻ አታስጠምዝዙ፣ በተለይ እግር የሚደነዝዝ ከሆነ። መቅደም ያለበት ሕመሙን ማብረድ ነው። በጀርባ ተኝቶ ከጉልበት ስር ትራስ ማድረግ ያሳርፋል። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ ጡንቻውን ያላላል፤ ለደሴ ብርድ ደግሞ ደስ ይላል። ኢቡፕሮፌን ይረዳል፣ ግን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበትና ነፍሰ ጡር ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ቀናት ሙሉ አልጋ ላይ መዋል ማገገምን ያዘገያል። ሜዳ ሜዳውን ትንሽ ትንሽ መራመድ ይሻላል።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ በሚኒባስ ወርዳችሁ ስትነሱ ጎብጣችሁ ከቀራችሁ፣ ምክንያቱ ያው የጡንቻ መኮማተር ነው። ቀስ ብላችሁ ተነሱ፣ ጥቂት ተራመዱ። ከአልጋ ስትነሱ ደግሞ በጎን ዞራችሁ በእጅ ተደገፉ።

ራጅ ለመነሳት አትቸኩሉ። ወገብ በተያዘበት ሰዓት የተነሳ ራጅ የአከርካሪው ተፈጥሯዊ ጥምዘት ጠፍቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል፣ ሕመሙ ሲለቅ ቁመናውም ይመለሳል።

ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር ከከዳ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመምም እንዲሁ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ተመርመሩ። ቲቢ በመድኃኒት ይድናል። ከዘገየ ግን አጥንቱን ይበላዋል፣ ያኔ የሚመጣው ጉብጠት ሕመሙ ቢለቅም አይቃናም።