ቅንፉና የዩሪያው ጆንያ

ጎጃም ቡሬ፣ እናታችን ቤት ሳለሁ ታናሽ እህቴ የኬሚስትሪ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች፤ የዩሪያ ማዳበሪያን ሞላር ማስ፣ ማለትም አንድ ሞል (ኬሚስቶች ሞለኪውሎችን የሚቆጥሩበት መለኪያ) ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ ማስላት ነው። ቀመሩ አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ከዚያ በቅንፍ የታሰሩ አንድ ናይትሮጅንና ሁለት ሃይድሮጅን፣ ከቅንፉ ግርጌ ደግሞ 2 ቁጥር አለው። ደመርሁት፤ 46.05 ግራም በሞል ወጣ። ጥግ ላይ ለበቆሎው የተገዛው ዩሪያ ቆሟል፤ ጆንያው ላይ 46 ተጽፏል። «ይኸው፣ ማረጋገጫው ቤታችን ውስጥ ነው!» ብዬ ኮራሁ።

እህቴ ግን ጆንያውን ጠጋ ብላ አነበበችና «ወንድም ጋሼ፣ ይህ እኮ የናይትሮጅኑ መቶኛ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ጆንያው የሚናገረው ከመቶ ኪሎ ዩሪያ 46ቱ ናይትሮጅን መሆኑን እንጂ ስለ ሞል አይደለም። በእኔ ስሌት ደግሞ የናይትሮጅኑ ክብደት 14.01 ለ46.05 ሲካፈል ናይትሮጅኑ 30 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ። የቁጥሮቹ መመሳሰል ተራ አጋጣሚ ነበር፤ ክፉ አጋጣሚ!

ስህተቱ ከቅንፉ ነው። በ2 ያበዛሁት ሃይድሮጅኑን ብቻ ነበር። ቅንፍ ግን ውስጡ ያለውን ሁሉ ያበዛል፦ ናይትሮጅን 2 ጊዜ 14.01፣ ማለትም 28.02፤ ሃይድሮጅን 4 ጊዜ 1.008፣ ማለትም 4.03፤ ካርቦን 12.01፤ ኦክስጅን 16.00። ድምሩ 60.06 ግራም በሞል። 28.02 ለ60.06 ሲካፈል 46.65 በመቶ መጣ፤ አሁን ከጆንያው ጋር ተስማማን።

እህቴ ግን «ማረጋገጫው ቤታችን ውስጥ ነው» እያለች ስትስቅብኝ አመሸች።