ፒንግ ይሰራል፣ ድረ ገጹ አይከፈትም

ስታዲየም አካባቢ ላለው ቢሯችን ራውተር አዲስ ፈርምዌር (ራውተሩን የሚያሰራው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ወጣ። የደህንነት ቀዳዳ ስለሚደፍን መዝለል አይቻልም። ባለፈው ማሻሻያ ጊዜ ሰኞ ጠዋት ጭኜ ቢሮው በሙሉ ጮኾብኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ!

በዚህኛው ጊዜ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ዋናውን ነቅዬ፣ በትርፉ ራውተር ላይ አዲሱን ጭኜ ሰካሁት። ፒንግ (ትንሽ መልእክት ልኮ መልስ መምጣቱን የሚያይ ፍተሻ) ይሰራል። አንዳንድ ድረ ገጽ ግን መሽከርከር ብቻ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዲኤንኤስን፣ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን፣ ስወቅስ ቆየሁ (ምስኪን፣ ሁሌም እሱ ነው የሚከሰሰው)።

ከዚያ ፓኬቱ (የሚላከው የመረጃ ጥቅል) እንዳይቆራረጥ «አትከፋፍል» የሚለውን ምርጫ አብርቼ የፒንጉን መጠን እየቀያየርኩ ሞከርኩ። 1464 ባይት ያልፋል፣ 1465 አያልፍም። 28 የሄደር (የፓኬቱ አድራሻና መለያ) ባይት ሲጨመርበት 1492 ነው። የኢንተርኔት መስመራችን ፒፒፒኦኢ የሚባለው የግንኙነት ዓይነት ስለሆነ ከተለመደው የፓኬት ጣሪያ ከ1500ው 8 ባይት ይወስዳል። አሮጌው ፈርምዌር ላይ የቲሲፒውን ኤምኤስኤስ (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን የመረጃ ጣሪያ) የሚቀንስ የትዕዛዝ መስመር ነበረኝ፤ ሲሻሻል ጠፍቷል። 1452 (ከ1492 ላይ 40 የሄደር ባይት ተቀንሶ) ብዬ መለስኩት። ወዲያው ተከፈተ።

ያም ሆኖ አላመንኩትም። ሁለት ቅዳሜና እሁድ አስኬድኩት፣ ሜሞሪው እየጨመረ እንዳይሄድ አየሁ፣ መብራት እንደጠፋ አድርጌ ሶስቴ ከሶኬቱ ነቀልኩት። ተነሳ። የአሮጌውን ፈርምዌር ፋይልና ባክአፑን ፍላሽ ላይ ይዤ፣ አርብ ማታ ሰው ሲወጣ ዋናው ላይ ጫንኩት።