አስቸጋሪ የተባለ ልጅ አዲስ ልማድ እንዲይዝ

«ይሄ ልጅ አልሰማ አለኝ» የሚል ወላጅ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር አይደለም። ልጁ ይጮኻል፣ ታናሹን ይማታል፣ የቤት ሥራ አይሠራም፣ ሲጠሩት አይመጣም፣ በሰዓቱ አይተኛም። ሁሉንም ባንዴ ለማረም የተነሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲቆጣ ይውላል፤ ልጁም ቁጣውን ይለምደዋል። ስለዚህ አንድ ብቻ ምረጡ። ሰው የሚጎዳ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ መንከስ ወይም መማታት፣ እሱ ይቅደም። ከሌለ በየቀኑ የሚደጋገመውን ውሰዱ።

የመረጣችሁትን በዓይን በሚታይ ቃል ጻፉት። «ያስቸግራል» አይቆጠርም። «ስልኩን መልስ ሲባል ይጮኻል፣ በእጁ ያለውን ይወረውራል» ግን ይቆጠራል።

ከዚያ አንድ ሳምንት ምንም ሳትለውጡ መዝግቡ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ በእኛ እምነት ግን የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ያልቃል። ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ከመጀመሩ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ወዲያው ምን ተከተለ። ሰዓቱንም ጨምሩ። ሦስተኛው ዓምድ ልጁ በጩኸቱ ምን እንዳተረፈ ያሳያችኋል፦ ስልኩ አሥር ደቂቃ ተራዘመለት፣ ከቤት ሥራው አመለጠ፣ ወይም ሥራ ላይ የነበረችው እናቱ ትታ መጣችለት። ቁጣም ቢሆን ትኩረት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያላየው ሰው ሲጮህ ብቻ ዞር የሚልለት ልጅ መጮህን ይመርጣል። የሰዓቱ ዓምድ ደግሞ ረሃብንና ድካምን ያጋልጣል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ይህ ከጎደለ ከሌላው በፊት እሱን አስተካክሉ።

አሁን ምትኩን አስተምሩ። «አትጩህ» የሚለው ትእዛዝ ልጁ በጩኸት ያገኝ የነበረውን ነገር በምን መንገድ እንደሚያገኝ አይነግረውም። አዲሱ ባህሪ የድሮውን ሥራ መሥራት አለበት፤ ያውም ቶሎና በቀላሉ። ከከባድ የቤት ሥራ ለማምለጥ የሚጮህ ልጅ «ትንሽ ልረፍ» ማለትን ይማር፤ ባለ ጊዜ ሁሉ ወዲያው ሦስት ደቂቃ ዕረፍት ስጡት፤ ከዚያ ይመለስ። ማሞላቀቅ የሚመስላችሁ ካላችሁ ደብተሩን ተመልከቱ፤ ዕረፍቱን ቀድሞም በጩኸት ሲያገኝ ነበር። ልምምዱ ልጁ ሲረጋጋ፣ እንደ ጨዋታ ተደርጎ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ለጥቂት ደቂቃ ይሁን። እየጮኸ ያለ ልጅ ትምህርት አይገባውም።

አነጋገራችሁም ይቀየር። ከሌላ ክፍል አትጣሩ፤ ቅረቡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ስሙን ጥሩና አንድ ነገር ብቻ እዘዙ፦ «ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ።» «ታስቀምጣለህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «አይ» ማለትም መልስ ነው። ከዚያ አምስት ሰከንድ ያህል ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ብዙ ልጆች መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ነው ሁለተኛው ትእዛዝ የሚደርስባቸው። ጨዋታ ከማስቆማችሁ አምስት ደቂቃ በፊት አስጠንቅቁ፤ ደቂቃ የማይገባውን ትንሽ ልጅ «ሁለቴ ተንሸራተትና እንሄዳለን» በሉት።

ምስጋናው በሰከንዶች ውስጥ ይድረስ፤ የተደረገውንም ይጥራ፦ «ሳትጮህ ስልኩን መለስክልኝ።» «ጎበዝ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ብትሆን ምን ነበረበት» ግን ምስጋና አይደለም፤ ልጁ የሚሰማው የኋለኛውን ወቀሳ ነው። መጀመሪያ ላይ በእያንዳንዱ ጊዜ አመስግኑ፤ ልማዱ ሲጠና ቀስ በቀስ አራርቁት።

የኮከብ ሰንጠረዥ፣ ማለትም ልጁ አዲሱን ባህሪ ባሳየ ቁጥር ኮከብ የሚሳልበት ወረቀት፣ የምትጠቀሙ ከሆነ መነሻውን ዝቅ አድርጉ። መዝገቡ ከስድስት ጊዜ አምስቱን እንደሚጮህ ካሳየ፣ ከስድስት ሁለት ጊዜ ሳይጮህ መመለሱ ለሽልማት ይብቃ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሦስት ከፍ ይበል። ለትንንሾቹ ሽልማቱ በዚያው ዕለት ይሁን። ተረት መምረጥ ወይም አብሮ ኳስ መጫወት ይበቃል። አንዴ የተሰጠ ኮከብ በሌላ ጥፋት አይነጠቅ፤ የተነጠቀ ልጅ ሰንጠረዡን ማመን ያቆማል። ከዚህ ውጭ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ልጁ የመረጠውን ጨዋታ አብራችሁ ተጫወቱ፤ ይህ በቅጣት የሚቀር አይሁን።

ብዙ ቤት የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ ጩኸቱ የለመደውን ማስገኘት ሲያቆም መጀመሪያ ላይ ከመቀነስ ይልቅ ሊብስ ይችላል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ተሸንፎ ስልኩን የሰጠ ወላጅ ልጁን አሥር ደቂቃ መጮህ እንዳለበት አስተማረው። መጽናት የማትችሉበት ቀን ከሆነ ገና ሳይጮህ ስጡት። አባት ከልክሎ አያት የምትሰጥ ከሆነም ጩኸቱ አይጠፋም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ አስቀድሞ ይስማማ።

ዝም ብሎ ማለፍ ለመማታት አይሠራም። እጁን ያዙ፣ «መማታት የለም» ብላችሁ ለዩት። ከ3 እስከ 8 ዓመት ያለን ልጅ ጨዋታ በሌለበት፣ ነገር ግን በምታዩት ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ልኩ ለእያንዳንዱ የዕድሜው ዓመት አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ጨለማ ክፍል ወይም የተቆለፈ በር በፍጹም አይሁን። የሚማታው ከሥራ ለማምለጥ ከሆነ ግን ለይቶ ማስቀመጡን ተዉት፤ የፈለገውን ሰጣችሁት ማለት ነው። ዱላም ለጊዜው ያስቆማል እንጂ ምትክ አያስተምርም፤ የተገረፉ ልጆች እየቆዩ ይበልጥ ጠበኛ የመሆን ዕድላቸው እንደሚሰፋ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

«አይሰማም» የሚባል ልጅ በእርግጥ ጆሮው የማይሰማ ሊሆን ስለሚችል መስማቱንና ማየቱን አስመርምሩ። ራሱን የሚጎዳ፣ መናገር የዘገየ ወይም የነበረውን ችሎታ ያጣ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ትኩረት ማጣቱና መቅበጥበጡ ቤትም ትምህርት ቤትም ከ6 ወር በላይ ከዘለቀም እንዲሁ።

በየሳምንቱ መጨረሻ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ሳምንት ጋር አስተያዩ። በሦስት ሳምንት ምንም ካልተለወጠ ቅጣቱን አታክብዱ። ወደ ሦስተኛው ዓምድ ተመለሱ፤ ትኩረት ፈልጎ ነው ያላችሁት ልጅ ምናልባት ከአንድ ነገር እያመለጠ ነው፤ ያኔ የሚቀየረው ምትኩ ነው።