ርካሽ የኗር ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት

የ1940ዎቹንና የ50ዎቹን ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ወንጀል ፊልሞች፣ ማለትም ፊልም ኗርን፣ በዲስክ የምትሰበስቡ ካላችሁ ከዋጋው በፊት የቅጂውን ጥራት እዩ።

አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸውን ፊልሞች ማንም አባዝቶ ይሸጣቸዋል። የ1945ቱን «ዲቱር» ውሰዱ። ለዓመታት ገበያ ላይ የነበረው የተጫጫረና የደበዘዘ ቅጂ ነበር። በ2018 እድሳቱ ተጠናቀቀ፣ በ2019 ደግሞ ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ ዲስክ አሳታሚ በብሉ ሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል በሚይዘው ዲስክ) አወጣው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ኗር ውስጥ ግማሹን ታሪክ የሚናገረው ጥላው ነው፤ ጥቁሩ አመድ ከመሰለ ምኑን አያችሁት? ስለዚህ ሽፋኑ ጀርባ ላይ ፊልሙ ከምን ቅጂ እንደታደሰ የሚገልጽ ጽሑፍ ፈልጉ። ምንም ካልተጻፈ ተጠራጠሩ። አስር ፊልም አንድ ላይ አጭቀው በርካሽ የሚሸጡትንማ ዝም ብላችሁ እለፏቸው።

ሌላው ሪጅን ነው፤ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚወስን ኮድ ማለት ነው። የአሜሪካ ብሉ ሬይ ብዙ ጊዜ «ኤ» ነው፤ የአውሮፓም የኢትዮጵያም «ቢ»። ዘመድ ከዋሽንግተን ዲስክ ከመላኩ በፊት ማጫወቻችሁ እንደሚቀበለው አረጋግጡ። የ4ኬ ዲስክ ግን በተለምዶ ይህ ጣጣ የለበትም።

ደግሞ ከ1953 በፊት የተሠሩት ምስላቸው ወደ እኩል ጎን አራት ማዕዘን የቀረበ ነው። በቲቪው ግራና ቀኝ ጥቁር ቢታይ ትክክል ነው፣ አትነካኩት። ተዋናዮቹ ሁሉ ድንገት ወፍረው ከታዩ ግን ቲቪው ምስሉን ለጥጦታል፤ የምስል መጠን ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ 4፡3 ላይ አድርጉት።